ድንጋይ የተሸከመው የደንብ ልብስ

ልብስ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ትምህርቴን ሳልገፋበት ባል አግብቼ የቀረሁ ሴት ነኝ፤ ይህን ግን ማንም ሳያስተምረኝ ደርሼበታለሁ። ትናንት ከደጃችን ተቀምጦ ቆሎ ሲቆረጥም የነበረ የጎረቤት ልጅ ዛሬ የሙሽራ ካባ ይደረብለትና አገር የሚገዛ መስሎ ይውላል። ካባው የሰው ነው፤ ነገ ይመለሳል። እስኪመለስ ድረስ ግን ማንም ደፍሮ «አንተ» አይለውም። ጤና ጣቢያም እንዲሁ ነው። ነጭ ጋዋን ያየን እንደሆነ ከአግዳሚው ብድግ እንላለን። አንድ ቀን ሁላችንም ካርዳችንን ዘርግተን «ዶክተር፣ ዶክተር» እያልን የከበብነው ሰው ለካ ጋዋኑን ለልብስ አጣቢዋ ሊያደርስ ወጥቶ፣ በእጁ መያዙ ቢሰለቸው ለብሶት የሚሄድ ዘበኛ ኖሯል። እሱም አላሳፈረንም። «በተራችሁ፣ በተራችሁ» ብሎን አለፈ። እኛም ተጽናንተን ተቀመጥን።

ከልብስ ሁሉ ግን እንደ ፖሊስ ልብስ የሚያስገርመኝ የለም። ሐሜት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ፖሊስ የሌለበት ከተማ ይሁን የምል ሴት አይደለሁም፤ ካህኑ ለአገርና ለሕዝብ ሲጸልይ «አሜን» የምለው ፖሊሱንም ጨምሬ ነው። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሰውዬው መልካም ነገር ሲሠራ፣ የጠፋ ሕፃን ለእናቱ ሲያስረክብ፣ ሥራው የራሱ ነው፤ በስሙ ይመሰገናል፣ ፎቶም ይነሣል። ሰው የመታ እንደሆነ ግን የመታው እሱ አይደለም፣ ልብሱ ነው። ሄዳችሁ ልብሱን ስትጠይቁት ደግሞ ልብስ አይናገርም። ቁስሉ ብቻ ነው ባለቤት የሚገኝለት።

የማወራው የደረሰብኝን ነው።

ይባቤ ልጄ ነው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የደብራችን መሪጌታ ነበሩ፤ ስሙንም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። እሱም የአባቱን መንገድ ይዞ አቋቋም ይማራል። በበዓል ሌሊት ማኅሌት ይቆማል፤ ቀን ቀን ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ዳር ካለች አንዲት በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። የፖሊሶቹን ሱሪ ሳይቀር ያሳጥራል። የማኅሌት ተማሪ ከቤታችሁ ኖሮ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ መንገድ ሲሄድ ከንፈሩ አያርፍም። ሽንኩርት ግዛ ብላችሁ ብትልኩት መልእክቱንም ዜማውንም ይዞ ይሄዳል፤ ዜማውን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

አንድ ጠዋት ትልቅ ሰው ያልፋል ተብሎ በገበያው ዳር ያለው መንገድ ይጠረግ ነበር። (ትልቁ ሰው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አልሰማንም። በዚያ በኩል ሳያልፍም ቀረ ይላሉ።) ይባቤ ለመጪው በዓል የሚባለውን ዜማ እያወረደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይመጣል። ኮንስታብል አዳነ የሚባል ወጣት ፖሊስ «ዞር በል!» ይለዋል። አልሰማውም። «አንተን እኮ ነው! ምንድን ነው የምታጉተመትመው?» ይለዋል ቀረብ ብሎ። ይህን ጊዜ ሰማው። ነገር ግን፣ እናንተ ሆይ፣ ዜማ ከመሃሉ አይቆረጥም። የትምህርት ቤታቸው ሥርዓት ነው፤ መምህሩ ቢጠራው እንኳ የጀመራትን ቃል አድርሶ ነው አቤት የሚለው። ስለዚህ ልጄ፣ የዋሁ ልጄ፣ «አንድ ጊዜ ታገሠኝ» ለማለት መዳፉን ከፍ አድርጎ አሳየውና ዜማውን ቀጠለ።

እስቲ በአዳነ ቦታ ቁሙ። የወገራ ልጅ ነው። ደብተራ እንዲህ አድርጎ ሰው አፈዘዘ፣ እንዲያ አድርጎ በረዶ ከማሳ መለሰ ሲባል እየሰማ ያደገ ነው። አሁን ከፊቱ አንድ ነጠላ ያጣፋ ሰው በግእዝ እያጉተመተመ መዳፉን ወደ እሱ ዘርግቷል። «ደገመብኝ!» አለ በሆዱ። ዱላውን መዘዘ።

የመጀመሪያው ትከሻው ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ጆሮ ግንዱ ላይ። ይባቤ ወደቀ። ወድቆም ቃሉን ጨረሰ።

ይህ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

ጣቢያ ወሰዱት። ከሰዓት በኋላ «ጥፋት አልተገኘብህም፤ ሁለተኛ እንዳይለምድህ» ብለው ለቀቁት። ምኑ እንዳይለምደው እንደሆነ እስከ ዛሬ እያሰብኩበት ነው።

ትከሻው በወጌሻ እጅ ተመለሰ። ጆሮውም ጩኸቱን ቀስ በቀስ አቆመ። ያልተመለሰው ስሙ ነው። በሰፈራችን ሰው በፖሊስ ሲመታ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን መታው?» አይደለም፤ «ምን አድርጎ ነው?» ነው። መልስ ደግሞ አይጠፋም። ከላይኛው መንደር ስልክ ሰርቆ ነው ተባለ፤ ከታችኛው መንደር ፖሊሱን ሊማታ ሲል ነው ተባለ። ከወፍጮ ቤት የመጣው ወሬ ደግሞ መተት ሲያደርግ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ነው ይላል። የስልኩ ይሻለኝ ነበር። የሞተ መሪጌታ ልጅ መተተኛ ነው ከተባለ ማን ከጎኑ ቆሞ ጸናጽል ይይዛል? አንድ የማኅሌት ጓደኛው እያፈረ መጥቶ «ነገሩ እስኪጣራ ትንሽ አረፍ በል ተብሏል» አለው። ልጄ አረፈ። መቋሚያውን ጥግ አስደግፎ፣ በር ዘግቶ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ተቀመጠ። ያን ከንፈር ዝም ብሎ ሳየው ነው እኔ ነጠላዬን ያጣፋሁት።

በመጀመሪያ ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። ይባቤ የወደቀው ከቲማቲም ሻጯ ከበላይነሽ መደብ ፊት ለፊት ነው።

«በላይነሽ፣ አይተሻል አይደል?»

«እኔ እኮ እትዬ ውባለም፣ በዚያን ሰዓት ቲማቲሜን እያየሁ ነበር።»

«ሰው ከእግርሽ ሥር ሲወድቅ?»

«በላዩ እንዳይወድቅበት ነዋ የማየው።»

አልፈረድኩባትም። ነገም እዚያው መንገድ ላይ ነው የምትሸጠው።

ወደ ጣቢያው ሄድኩ። ቃል የሚቀበለው ሰው ትሑት ነው፤ ወንበር ሳበልኝ።

«በዳይዎ ማን ነው እማማ?»

«ፖሊስ ነው።»

«ፖሊስ ብዙ ነው።»

«አዎ፣ ብዙ ነው። ልጄ ግን አንድ ነው።»

ከብዙ ጥያቄ በኋላ ነገሩ ወደ ውስጥ ገባ፤ ውስጥ ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ሲወጣ «ተመጣጣኝ እርምጃ ተወስዷል» የሚል ሆኖ ወጣ። ተመጣጣኝ! ቃሉ ደስ ይላል፤ ሚዛን ያለበት ይመስላል። እኔ በበኩሌ በአንድ በኩል የልጄን መዳፍ፣ በሌላው በኩል የጎማውን ዱላ አድርጌ ብዙ ጊዜ በሐሳቤ መዘንኩት። ሚዛናቸው ከገበያው ሚዛን የተለየ መሆን አለበት። አዳነ ይጠየቅ ብል «ግዳጅ ላይ ነበር» አሉኝ። አዛዡን ልጠይቅ ብል «እሳቸው ዱላ አልያዙም» አሉኝ። እንግዲህ የያዘው አይጠየቅ፣ የሚጠየቀው አልያዘ።

መጮህ አልችልበትም። ሰልፍ መውጣትም አላውቅም። የማውቀው መቀመጥ ነው። በማግሥቱ ጥጤንና እንዝርቴን በዘንቢል ይዤ ጣቢያው በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። ፈተልኩ። የገባውን ፖሊስ ሁሉ «እንደምን አደርክ ልጄ፣ ከክፉ ይጠብቅህ» እላለሁ፤ የወጣውንም «በሰላም ግባ» እላለሁ። ሌላ ምንም አልልም። በማግሥቱም እንዲሁ። በማግሥቱም። ሰንብቼ እንደሰማሁት አዛዡ ተናደው «ይቺን ሴትዮ አንሱልኝ» ቢሉ፣ ተረኛው «ጌታዬ፣ ብትሳደብ እናስራት ነበር፤ ምን እናድርጋት፣ ትመርቀናለች!» ብሏቸዋል። አንዳንዶቹማ በጓሮ በር መግባት ጀምረው ነበር። ምርቃት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ሲጨንቃቸው ሽማግሌ ላኩ።

መጡ። አያ ካሴ፣ የሰፈራችን ጠብ ያለ እሳቸው የማይበርደው ትልቅ ሰው፣ መጡ። የንስሐ አባቴም አብረው መጡ። ከኋላቸው አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ ትከሻው ላይ ድንጋይ አለ። የአገራችን ወግ ነው፤ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይወድቃል፣ ተበዳዩ «ማርኩህ» ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል፣ ነገር በዚያው ያልቃል። ይኸኛው ድንጋይ ግን የሕፃን ጉንጭ የምታህል ነበረች። በአንድ ጣት ደግፏታል። ይህም ተመጣጣኝ መሆኑ ነው መሰለኝ።

«በሉ እንግዲህ እትዬ ውባለም፤» አሉ አያ ካሴ፣ «ሸጋ ልጅ ነው፤ አጥፍቷል፤ በእግዚአብሔር ስም ይማሩት።»

«ማን ነው እሱ አያ ካሴ?»

«ምነው! አዳነ ነው እንጂ፣ ኮንስታብሉ።»

ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየሁት። «አላወቅሁትም፤» አልኩ። «ልጄን የመታው ኮፍያ ያለው፣ ቀበቶ ያለው፣ ደረቱ ላይ ስም የተጻፈበት ሰው ነው ብለውኛል። ይህ ባለ ሹራብ ልጅ ምንም አልበደለኝ። ያልበደለኝን ሰው እንዴት አድርጌ ልማር?»

አያ ካሴ ሣቃቸውን ለመዋጥ ጢማቸውን ያዙ። አዳነ ቀና አለ። «እናቴ፣ ልብሱ እኮ የመንግሥት ነው። ለብሼው ድንጋይ ብሸከም ያስጠይቀኛል።»

«ለብሰኸው ስትመታስ?»

አንገቱን መልሶ ደፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለብቻው እንደሚናገር ሰው፣ «እየደገመብኝ መስሎኝ ነው እናቴ፤ ፈርቼ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ፊቱ ላይ አየሁት።

የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በክርስትና ስሜ ጠርተው፣ «ወለተ ማርያም፣ ይቅር በይ እንጂ። አባታችን ሆይ ስትይ ምን እያልሽ ነው?» አሉኝ።

«አባ፣ ይቅርታውንማ በዚያው ሰሞን ሰጥቻለሁ፤» አልኳቸው፣ «ቂም ይዤ በየት በኩል ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ? የኔ የሆነው ሁሉ አልቋል። የቀረው የልጄ ስም ነው፤ እሱን እኔ ይቅር ማለት አልችልም። ስሙ የጠፋው በአደባባይ፣ በልብሱ ነው። ይህ ልጅ በሹራብ፣ በሩ ተዘግቶ የሚለኝን ማን ይሰማል? ነገ ‹ሽማግሌ ልካ አስታረቀችው፣ ቢያጠፋ ነው› ይሉኛል።»

አባ መስቀላቸውን አሳለሙኝና ወጡ። አያ ካሴ ከበሩ ሲደርሱ ወደ አዳነ ዞረው «ድንጋይህንም ለውጣት፣ አንተ» አሉት።

ነገሩ እዚህ ላይ ይቆም ነበር፣ የአዳነ እናት ባይመጡ። እትዬ ዘነቡ ይባላሉ። «ልጅሽን አንዲት ሴት ከሥራ ልታስወጣው ነው» የሚል ወሬ ሰምተው ከአምባ ጊዮርጊስ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወርደው፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ አገኙኝ። ሊቆጡኝ ነበር አመጣጣቸው፤ ቀሚሳቸውን በመቀነታቸው ጠበቅ አድርገዋል።

«አንቺ ነሽ? ምን አድርግ ነው የምትዪው ልጄን?»

«ይቀመጡ እቴ፣ መንገድ መጥተዋል» አልኳቸውና ፈቀቅ አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ፈርቶ እንደነበረ የተናገረውን ሳይቀር። አዳምጠው ሲጨርሱ መቀነታቸውን ላላ አደረጉ።

«ዜማ ላይ ነበር ያለ ልጅሽ?»

«ዜማ ላይ።»

«ወይ ጅልነቴ! እኔ አይደለሁም ደብተራ ደብተራ እያልኩ ሳስፈራራው ያሳደግሁት፣ እንዲተኛልኝ!» አሉና ፊታቸውን በሻሻቸው ጠረጉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ከዘንቢሌ ጥጥ ቆነጠሩ። «እንዝርት ትርፍ ይኖርሻል?»

አዳነ ከሰዓት በኋላ ለተረኛነት ሲመጣ ሁለት እናቶች ጎን ለጎን ሲፈትሉ አገኘ። እኔ «እንደምን ዋልክ ልጄ» አልኩት። እናቱ ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ጓደኞቹ ሁሉ አዩት። እኔ እንደዚያ ያለ ቅጣት በየትኛውም ደንብ ላይ ተጽፎ የሚገኝ አይመስለኝም።

እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በየመንገዱ ተሰራጭቶ ሳለ፣ ከዋናው መንገድ ጀምሮ ጫጫታ ሰማን። የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ፣ ኮፍያው ሳይቀር፣ ትከሻው ላይ የቤት መሠረት የሚሆን ድንጋይ ተሸክሞ ወደ መንደራችን ይወርዳል። (ድንጋዩን የመረጡለት እናቱ ናቸው።) ሰው ነገሩን መጀመሪያ በክፉ ተረጎመው፤ ፖሊስ ድንጋይ ሊወረውር ነው ብለው ልጆች ሮጡ፣ አንዷም ያሰጣችውን ልብስ እየሰበሰበች ገባች። ኋላ ግን አያ ካሴን ከፊት፣ እትዬ ዘነቡን ከኋላ ሲያዩ ገባቸው። በሮች ተከፈቱ። ስልኮች ወጡ።

አዳነ ከደጃችን ሲደርስ ላቡ ከኮፍያው ሥር ይወርድ ነበር። በጉልበቱ ወደቀ። ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይባቤ ምንም አላጠፋም። አልሰረቀም፣ አልተማታም፣ አልደገመም። እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ነው በከንቱ የመታሁት። ማሩኝ!» አለ።

ልጄ ከስንት ጊዜ በኋላ በሩን ከፍቶ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በደህናው ትከሻው በኩል አወረደለት፣ ከባድ ስለነበር ሁለቱም ሊወድቁ ትንሽ ቀርቷቸው ተያይዘው ቆሙ። እልልታው ቀለጠ። ከሁሉ በላይ የቀለጠው የበላይነሽ ነው። «እኔ እኮ አይቼ ነበር! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻለሁ!» እያለች ከቤት ቤት ትዞር ነበር። ቲማቲሙን የዚያን ቀን ማን እንደጠበቀው አላውቅም።

ነገር ግን ከሰዉ መሃል አንድ ቀጠን ያለ ሰው ወደ አዳነ ቀረበና «የኔስ?» አለው።

«ምን የኔስ?»

«አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ የመታችሁኝ።»

«ወንድሜ፣ እሱ እኔ አይደለሁም።»

«ልብሱ ግን ያው ነው» አለ ሰውዬው።

አያ ካሴ ሰውዬውን ትከሻውን ይዘው ወሰዱት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ የሚባል ነገር ያገኙ ግን አይመስለኝም።

ይባቤ ለሚቀጥለው በዓል ከቦታው ቆመ። እኔም በሴቶቹ ወገን ቆሜ ከንፈሩን አየሁ፤ ይንቀሳቀሳል። የፈለግሁት ይህንኑ ስለሆነ እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ስልክ ያላቸው ሰዎች ግን አልጨረሱም። የአዳነ ምስል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የተመለከቱት አለቆች እጅግ አዘኑ። በምን መሰላችሁ? በድንጋዩ።

ለምስክርነት ተጠራሁ። ለስንት ጊዜ ደጁ ላይ ተቀምጬ ያልተከፈተልኝ ክፍል ያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ ተከፍቶ ጠበቀኝ፤ ውኃም አቀረቡልኝ። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ኮሚቴ ናቸው። መሃለኛው በትሕትና ጠየቁኝ።

«እማማ፣ አባሉ ድንጋይ ሲሸከም በዓይንዎ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«የደንብ ልብስ ለብሶ ነበር?»

እዚህ ላይ መልሴን መዘንኩት። አዎ ካልኩ፣ ከመቺዎቹ ሁሉ አንዱን፣ ማሩኝ ያለውን፣ አስቀጣሁት። አይ ካልኩ ዋሸሁ፤ ከዚያም በላይ የልጄን ስም ያጠበውን ነገር መልሼ አቆሸሽኩት።

«ለብሶ ነበር፤» አልኩ። «ያኔም ለብሶ ነበር።»

«ያኔ መቼ?»

«ልጄን ሲመታው።»

የሚጽፈው ሰው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። መሃለኛው «እሱን አልጠየቅንዎትም እማማ» አሉኝ፣ አሁንም በትሕትና።

«አላወቅሁም ጌታዬ። ሁሉንም የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነው።»

ድንጋዩ ምን ያህል ይሆን እንደነበር ጠየቁኝ። ኮፍያው ከራሱ ወድቆ እንደነበር ጠየቁኝ። ሲንበረከክ ሱሪው መሬት ነክቶ እንደሆነ፣ ሰው ስቆ እንደሆነ፣ ማን ልበሰው እንዳለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ምርመራ አይቼ አላውቅም፤ ለክፉም ለደጉም እንዲህ ቢጠይቁ ይህች ከተማ የት በደረሰች! የመጨረሻውን ጥያቄ ሲጠይቁኝ «እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩ። «ልትቀጡ እንደሆነ እኔን ቅጡኝ።» ተያዩ። እኔ የደንብ ልብስ ስለሌለኝ በደንቡ አልገባም አሉኝ።

ውሳኔው በዚያው ሰሞን ተነገረ። ሰው የመምታቱ ጉዳይ በሽምግልና በዕርቅ ያለቀ ስለሆነ ተዘግቷል። የዕርቁ ጉዳይ ግን የደንብ ልብስን ክብር የሚነካ ሆኖ ስለተገኘ አባሉ ጥፋተኛ ተብሏል፤ ከማስጠንቀቂያ ጋር ወደ ሩቁ ቆላ፣ ወደ አዲ አርቃይ ተዛውሯል። ሁለት ጊዜ አስነበብኳቸው፤ በደንብ የሰማሁ ስላልመሰለኝ። በደንብ ሰምቼ ነበር።

አዳነ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ወሬው ደርሶታል፣ ግን ከኔ መስማት ፈልጓል። «እንዴት ሆነ እናቴ?»

«በመምታትህ ደህና ነህ ልጄ፤» አልኩት። «ማሩኝ ማለትህ ነው ያስቸገረን።»

ሣቀ፤ ሣቁ ግን እስከ ዓይኑ አልደረሰም። እናቱ እትዬ ዘነቡ ለመንገድ የሚሆን ድርቆሽ ቋጥረውለት ነበር፤ እኔም ከቤቴ ጠላና ቆሎ ጨመርኩ። ስንሸኘው ይባቤ ሻንጣውን ተሸከመለት። ሰው ቢያየን ሥጋ ዘመዳሞች እንመስል ነበር።

ውሳኔው የተነገረ ዕለት ግን፣ ከጣቢያው ልወጣ ስል፣ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ፣ ገና አፉ ላይ ለጋ ጢም ያለው ልጅ፣ ግራ ቀኝ አየና «እማማ» አለኝ በሹክሹክታ።

«አቤት ልጄ።»

«እኔም... አንድ ሰው አለብኝ። አዘዞ ነው የሚኖር፤ ቤቱን አውቀዋለሁ። በሹራብ ሄጄ ብለምነው አይበቃም ይሉኛል?»

ፊቱን አየሁት። የሰው ልጅ ነው፤ እናት አለችው፤ ወደ ቅጣት የምልከው እኔ ማን ነኝ? መክሬ ልመልሰውም ግን ፈራሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ሰው ልብ ውስጥ ስንት ጊዜ ይበቅላል?

«ስትበድለው ምን ለብሰህ ነበር?» አልኩት።

ወደ ልብሱ አጎንብሶ አየ።

«አዲ አርቃይ ይሞቃል ይላሉ ልጄ፤» አልኩት፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ «ሰው ግን ይኖርበታል።»